የኪዳሩ ማሳ ያርፍ ዘንድ

ከኪዳሩ፤ ንጉሡ የምሥራቁን ተራራ ባንበረከከበት ዓመት፣ በጡብ ወር

የጭቃ ጽላቴ ሆይ፣ አጋዴ ስትደርሺ ለእህቴ ልጅ ለኡርኒጊን እንዲህ በዪው፦ አጎትህ ሉናና ነኝ።

ፀሐይ በቀን፣ ጨረቃ በሌሊት ዓይናቸውን ከአንተ ላይ አያንሡ። የከተማችን እመቤት ኒንኪዳሩ እጅህን ከጽሕፈት፣ አፍህን ከእንጀራ አትለየው። እናትህ ኒንካላ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ይዟታል፣ ምላሷን ግን አልያዛትም። እኔም ደህና ነኝ። ከቤተ መቅደሱ ጽሕፈት ከተሰናበትሁ ወዲህ ተማሪዎች አሉኝ፤ ጭቃውን ከሚጽፉበት ይልቅ የሚወራወሩበት ይበዛል።

በመጀመሪያ ስለ ዓመቱ ስም። ንጉሡ ተራራውን ማንበርከኩን የሰማነው መከሩ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስም በሌለው ዓመት አርሰናል፣ ዘርተናል፣ አጭደናል። ገብሱ ቅር አላለውም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንተ የገበሬ ልጅ ነህና ማሳ አንድ ዓመት ተዘርቶ አንድ ዓመት እዳሪ እንደሚያድር አልነግርህም። እሾሁ ሥሩን ሰድዶ ከታች ያለውን ክፉ ውኃ ይጠጣል፤ ጨውም ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ከንጉሡ ከተማ ከአጋዴ አንድ ሹም መጣ፤ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ ጫማው ግን በጣም የጠነከረ። ከሸምበቆው ዳር ባለው በአባትህ ማሳ ላይ ቆመና፦

«ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«እሾህ ነው ጌታዬ።»

«ማን ዘራው?»

«ማንም።»

«ማንስ ያጭደዋል?»

«ማንም።»

ይህን ጻፈ። እናትህ ጣልቃ ገብታ፣ «ጌታዬ፣ መሬቱ ተኝቶ ነው» ብትለው፣ «ይቀስቀስ!» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ወጥቷል፤ በደቡብ አገር አንድም ማሳ ጦሙን አያድርም፣ ሁሉም በየዓመቱ ይዘራል።

ትእዛዙ የወጣው አንተ ከምትሠራበት ከመስኖው ጽሕፈት ቤት ነው አሉ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ያ ማሳ ዘንድሮ ተራው የማረፍ ነው፤ ሌላ ማሳ የለንም። ካረፈ እንኖራለን፤ ካላረፈ ከዚህ እንነቀላለን። ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲያርፍ ፈቃድ አውጣልን።

እናትህ «ልጄ ዓሣ ያገኛል ወይ?» ትላለች። መልስ ካልሰጠሃት መጠየቋን አትተውም፤ የምትጠይቀው ደግሞ እኔን ነው።

---

ከአጋዴ፤ በዚያው ዓመት፣ በዘር ወር

ለተከበሩት አጎቴና መምህሬ ለሉናና፦ ልጅዎ ቤሊባኒ እንዲህ ይላል።

ሻማሽና ኢሽታር ለእኔ ሲሉ ለብዙ ዘመን ያኑሩዎት። እናቴ እንደምን ሰንብታለች? ጉልበቷን በሞቀ ዘይት ታሽ። ዓሣ አገኛለሁ በሉልኝ፤ ግን የኪዳሩን አያህልም።

መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ። ስሜንም ስለ መለወጤ አይቆጡኝ። ኡርኒጊን የሚባል ሰው እዚህ በር ላይ «ከየት ነህ?» እየተባለ ይቆማል፤ ቤሊባኒን ግን ያስገቡታል። አጋዴን ቢያዩ ይገረሙ ነበር። ወደቡ ከባሕር ማዶ ከሜሉሓ በመጡ መርከቦች ተጨናንቋል። ባለፈው ሰሞን በአደባባዩ ዝሆን ሲያልፍ አየሁ፤ አንድ ትልቅ ባለሥልጣንም ጦጣ በትከሻው አስቀምጦ ሲሄድ አይቻለሁ።

ስለ ማሳው ጠይቄአለሁ። ችግሩ ይህ ነው፤ በእኛ ጽሑፍ ላይ ማሳ ወይ የተዘራ ነው ወይ ያመፀ ነው። «ያረፈ» የሚባል ቦታ የለውም። የደቡብ ከተሞች በንጉሡ ላይ በተነሡ ጊዜ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር መሬታቸውን ሳያርሱ መተው ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ሰው እዳሪ ሲባል የሚሰማው ጦር ነው። ጥያቄዎን አጥብቄ ባቀርብ ስሙ የሚነሣው የእርስዎ ነው።

ነገር ግን አይጨነቁ። ማረፉን አላገኝ እንደ ሆነ ውኃ አገኛለሁ። ጨውን የሚያሸንፈው ጣፋጭ ውኃ አይደለምን? እስከዚያ ይዝሩት። እናቴም ወደዚህ ትምጣ፤ ቤት አለኝ፣ ሰገነትም አለው።

---

ከኪዳሩ፤ ስሙ ገና ያልደረሰን ዓመት፣ ከመከር በኋላ

ለኡርኒጊን፣ ቤሊባኒም ብሎ ለሚጠራው፦ አጎትህ ሉናና ሰላም ይልሃል።

አማልክትህ የሰሜኖቹም የደቡቦቹም ተስማምተው ይጠብቁህ። ባይስማሙም በየተራ ይጠብቁህ።

ደብዳቤህ የደረሰን ዘሩ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ምርጫ አልነበረንምና ዘርተናል። ጦጣው ከባለሥልጣኑ ጋር ሲሄድ ማን ማንን እንደ ተሸከመ ስለ ጻፍህልኝ አመሰግናለሁ፤ አለዚያ እንሳሳት ነበር።

መከሩ በግማሽ ወረደ። ስንዴው ከነጭራሹ አላሸተም። ገብሱ ታማኝ ነው፣ ቆሟል፤ ግን በማሳው ዝቅ ባለው በኩል በጠዋት ሲታይ አፈሩ ነጭ ላብ አላበው። እናትህ ጣቷን ነክታ ቀመሰችውና፣ «ወጥ ላይ ቢሆን ልክ ነበር» አለች። ከዚያ እስከ ማታ አልተናገረችም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት የሆነው አባትህ የሞተ ዕለት ነው።

አሁንም የምለምንህ ያንኑ ነው። ውኃ አልጠየቅሁህም። አንድ ዓመት እንዲያርፍ ብቻ።

ወደ አጋዴ ስለ መምጣቷ ነግሬአታለሁ።

«ልጅሽ ነይ ይልሻል፣ እትዬ።»

«አባቱንስ ማን ያጠጣዋል?»

«አጋዴም ሆነሽ ልታስቢው ትችያለሽ።»

«ሙት ሲያስቡት ይረካል? አንተ ሉናና፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ የተማርኸው ይህን ነው?»

ነገሩን ታውቀዋለህ። አባትህ፣ አያትህና ሕፃን እያለች ያለፈችው እህትህ ከወለሉ ሥር ናቸው። ጨረቃዋ በጠፋች ጊዜ በሸክላው ቧንቧ ውኃ የሚያፈስስላቸው የበኩር ልጅ ነበር፤ የበኩሩ ልጅ የዝሆን ተመልካች ስለ ሆነ እናትህ ታፈስሳለች። «ቤሊባኒ ሰላም ይልሃል» ብላ ብታፈስ አባትህ «እሱ ደግሞ ማነው?» እንዳይላት ፈርታ፣ አሁንም ኡርኒጊን ነው የምትለው።

---

ከአጋዴ፤ ንጉሡ የታላቁን ቦይ አፍ በከፈተበት ዓመት፣ በጎርፍ ወር

ለውድ አጎቴ ለሉናና፦ ቤሊባኒ በታላቅ ደስታ እንዲህ ይላል።

የዓመቱን ስም ልብ ይበሉ! ይህን ስም ካጻፉት ሰዎች አንዱ ልጅዎ ነው። የኪዳሩ ቦይ አፉ ሦስት እጥፍ ሰፍቷል። የውኃ መዝጊያ በሩም ተሠርቷል፤ ሁልጊዜም ክፍት ይሆናል። ከእንግዲህ ከላይኞቹ ከተሞች ጋር በውኃ ተራ መጣላት የለም። ውኃው በበጋም በክረምትም ይመጣል። አለቃዬ በሸንጎ ስሜን አነሣ፤ በራሴ ማኅተም ከንጉሡ ማኅተም ሥር እንዳትም ፈቀደልኝ። ለእናቴ ይንገሩልኝ።

ጥሩ የሱፍ ልብስ ልኬአለሁ። ጠርዙ ቀይ ነው፤ «ለአሮጊት አይሆንም» እንዳትል አደራ።

ማሳው አሁን ይታጠባል። በሚመጣው መከር የሚጽፉልኝ ደብዳቤ እንዴት ያለ እንደሚሆን ከአሁኑ አውቃለሁ።

---

ከኪዳሩ፤ በዚያው ዓመት ይመስለኛል፣ በመከር ወር

ለእህቴ ልጅ፦ ሉናና ነኝ።

ጤናህን የሚጠብቁ ሁሉ ይጠብቁት። እናትህ ቀዩን ልብስ «ለአሮጊት አይሆንም» ብላ ለበሰችው፤ እስከ ዛሬ አላወለቀችውም።

ውኃው ደረሰ። የደረሰበትን ቀን ልንገርህ፣ ስለ ሌላው ከመንገሬ በፊት። ቦዩ እስከ አፉ ሞልቶ መጣ። ሽማግሌዎች ልብሳቸውን ጥለው ዘለው ገቡ፤ አሮጊቶች ከዳር ሆነው የሽማግሌዎቹን ገላ ተቹ። ካህኑ በግ አርዶ የሚመጣውን ሊያነብ ጉበቱን አየ፤ አንዲት ጠባሳ አልነበረበትም። የውኃ አባታችን ኩሊ፣ ዕድሜውን በሙሉ ውኃ በተራ እያካፈለ ሲሰደብ የኖረው ሰው፣ በሁላችን ፊት አለቀሰና፣ «እጠቡት! ይህን መሬት እንደ ሙሽራ ልብስ እጠቡት!» አለ።

ጨው ያየ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ያጥባል። አባቶቻችን ማሳን በእሾህ አሳረፉት እንጂ አላጠቡትም፤ ያላጠቡት ግን ይህን ያህል ውኃ አጥተው ነው ብለን ተከራከርን። ከተከራካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ፤ በደንብም ተናግሬአለሁ። አጠብነው። ጨው ሲወጣ ደግመን አጠብነው። ባጠብነው ቁጥር ከሥር ያለው ክፉ ውኃ ከፍ ከፍ አለ። ፀሐይ ውኃውን ጠጣችው፤ ጨዉን ግን ተወችልን።

አሁን ከሰገነት ላይ ሆኖ ለሚያይ ኪዳሩ በሙሉ ነጭ ነው። ኩሊ «በተራራ አገር ይወርዳል የሚሉትን በረዶ ይመስላል» ይላል፤ በረዶ አይቶ አያውቅም፣ እኛም ስላላየን አንከራከረውም። ስንዴ የለም። ገብሱ አይጥ የማይሸሽግ ሆኗል። የአባትህ ማሳ ከሁሉም ብሷል፣ ዝቅ ያለ ነውና።

በሩን ልንዘጋው ወጣን። ሁላችንም ነን፤ እናትህንም በአህያ ወሰድናት። በሩ ክፍት እንዲቀር በገመድ ታስሮ፣ በገመዱ ቋጠሮ ላይ የንጉሡ ማኅተም ታትሟል። ማኅተም የሰበረ እጁን ያጣል። ቆመን አየነው። ውኃው ያልፋል፣ እኛ እናያለን። እናትህ ከሥሩ ያለውን ትንሹን ማኅተም በጣቷ ዳስሳ፣ «ይኼ የማን ነው?» አለች።

«የልጅሽ ነው።»

ሳመችው። ከዚያ ወደ ቤት ተመለስን።

ማረፍን ለምኜህ ነበር፣ ውኃ ላክህልን። አሁን እባክህ ውኃውን ውሰድልን። በሩ ይዘጋ። ማሳውም ይረፍ። ሁለቱም ከሆኑ ምናልባት በእናትህ ዕድሜ ባይሆን በሌላ ሰው ዕድሜ ይድን ይሆናል።

---

ከአጋዴ፤ በጡብ ወር

ለአጎቴ ለሉናና፦ ቤሊባኒ።

ሻማሽ ያኑርዎት። ደብዳቤዎን ለብቻዬ አነበብሁት። ሌላ ሰው እንዳያነብበው መልሼ ውኃ ውስጥ አሟሟሁት።

በሩን ለማስዘጋት አሁን ጊዜው አይደለም። አለቃዬ የታላቁን ቦይ ሥራ ለንጉሡ ሊያቀርብ ነውና ከየከተማው የምስጋና ጽሑፍ ይፈለጋል። ከኪዳሩ አልመጣም። ምስጋናው ቀርቦ ፊቱ ሲፈታ የበሩን ነገር ቀስ ብዬ አነሣለሁ። እባክዎ ይጻፉ፤ የሚያምር ይሁን።

እናቴን አሁኑኑ ይላኩልኝ።

---

ከኪዳሩ፤ ወሩን ታውቀዋለህ

ለእህቴ ልጅ፦ ሉናና ነኝ።

አለቃህ የሚወድህን ያህል አማልክትም ይውደዱህ።

ሁለት ጽሑፍ ልኬአለሁ። አንዱ ለአለቃህ፣ አንዱ ይህ ነው፤ እንዳይቀያየሩ። ለአለቃህ የጻፍሁት ጥሩ ወጥቶልኛል። «ኪዳሩ እንደ ጡት ልጅ በደረትህ ላይ ጠገበች፤ ማሳዎቿ እንደ ካህን ልብስ ነጡ» የሚል አለበት። ከዚህ ሁለተኛው እውነት ነው። ለእናትህ ባነብላት፦

«ይህን ሁሉ ውሸት ጭቃው እንዴት ቻለው?» አለች።

«ገና ስላልደረቀ ነው፣ እትዬ።»

ኩሊ ሄደ። የቤቱን ወለል ቆፍሮ የአባቱንና የእናቱን አጥንት በሸምበቆ ቅርጫት አድርጎ፣ አህያ ላይ ጭኖ ነው የሄደው። ሊሰናበት በመጣ ጊዜ፣ «ኒንካላ፣ ባልሽን ላውጣልሽ? መቆፈሪያው በእጄ ነው» አላት። «እኔ ቤቱ የተኛ ሰው አላፈልስም። አንተ ግን ሂድ፤ እናትህ ከድሮም መንገድ ትወድ ነበር» አለችው። ኩሊ ሳቀ፤ ከዚያ አህያውን እየመታ ሄደ። በመንገዳችን ላይ በር ያለው ቤት ከእኛ ሌላ የለም፤ ሰው ሲሄድ በሩን ነቅሎ ይወስዳል፣ እንጨት ውድ ነውና።

ስለ ዓሣ ከእንግዲህ አትጠይቅም። አሁን የምትጠይቀው «መልስ መጣ ወይ?» ብላ ነው።

---

ከአጋዴ፤ በዘር ወር

ለአጎቴ ለሉናና፦ ኡርኒጊን እንዲህ ይላል።

ምን ብዬ እንደምመርቅዎ አላውቅም።

ምስጋናው በንጉሡ ፊት ተነበበ። አለቃዬ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ሹም ደግመህ አንብብ አለኝ፤ ደገምሁት። ሲያበቃ፣ «ኪዳሩ ይህን ያህል ከጠገበች ግብሯ ይጨመር» ተባለ። እጥፍ ሆነ።

ያን ጊዜ ወደ አለቃዬ ገብቼ እውነቱን ተናገርሁ። ማሳው ነጭ ነው፣ ሰዉ እየሄደ ነው፣ በሩ ይዘጋ፣ መሬቱ ይረፍ አልሁ። «ታዲያ ምስጋናው?» አለ። «እርስዎ ስለ ጠየቁ ነው የተጻፈው» አልሁ። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

ከወር በኋላ መልስ ወጣ። ልመናዎ ተፈቅዷል። በራሱ ቃል ልጻፍልዎ፦ «የኪዳሩ ማሳዎች ይረፉ።» ለአንድ ማሳ አይደለም፣ ለሁሉም ነው። ለአንድ ዓመትም አይደለም። ከተማዪቱ ከግብር መዝገቡ ተሰርዛለች፤ ግብር የሌላት ከተማ ደግሞ ውኃ አይገባትምና በሩ ይዘጋል። ለሥራ የደረሱ ሰዎች በጀልባ ተጭነው ወደ ላይኛው ቦይ ቁፋሮ ይወሰዳሉ። እርስዎ አሉበት። እናቴ ለሥራ የማትሆን ናትና የለችበትም፤ ስለዚህ ጀልባም የላትም።

እኔ ጀልባ ልላክላት እንዳልል ከጽሕፈት ቤቱ አስወጥተውኛል፤ ማኅተሜንም ወስደውብኛል። ይህን ደብዳቤ ያተምሁት እንደ ድሃ በልብሴ ጫፍ ነው። ከከተማው በር እንዳልወጣም ታግጃለሁ።

አጎቴ፣ ተሸክመዋትም ቢሆን ያውጧት። እምቢ ብትልም።

---

ከላይኛው ቦይ ቁፋሮ፣ ከሠራተኞች ጎጆ፤ የዓመቱን ስም አልነገሩንም

ለእህቴ ልጅ ለኡርኒጊን፦ አጎትህ ሉናና ነኝ።

ያለህን ትንሽ ነገር የሚወስድብህ አይነሣ።

ደብዳቤህና ወታደሮቹ በአንድ ጀልባ መጡ። ወታደሮቹ ትሑቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የኡማ ከተማ ልጅ ስለ ሆነ በቋንቋችን አናገረን። እናትህ ቧንቧው ባለበት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቆየችው፤ ቀዩን ልብስ ለብሳለች።

«እማማ፣ ይነሡ» አላት።

«ስሜ ጽሑፉ ላይ አለ?»

አየ። «የለም።»

«እንግዲያ ማንን ነው የምታስነሣው?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ልሸከማት ጎንበስ ብል እጄን ነከሰችኝ፤ ጥርሷ ያን ያህል መቅረቱን አላውቅም ነበር። ደግሜ ሞከርሁ። «አንተ ሉናና፣ ታናሼ ነህ፤ እትዬ ስትለኝ ኖረሃል። አሁን ሰው ፊት አታዋርደኝ» አለች። ለቀቅኋት።

ወታደሮቹ ጊዜ ሰጡኝ። በቤቱ ያለውን ማሰሮ ሁሉ፣ ጎረቤት ትቶት የሄደውንም፣ በቦዩ ከቀረው ውኃ ሞላሁ፤ በሩ ተዘግቶ ስለ ነበር ውኃው ከታች በኩል እየጠፋ ነበር። የጉድጓዶቹ ውኃ ጨው ነው። ገብስና የደረቀ ዓሣ አስቀመጥሁላት። ለአባትህና ለቀሩት አስቀድማ ታፈስሳለች፤ ከዚያ የተረፈውን እሷ ትጠጣለች። «መጀመሪያ ጠጪ» ብዬ ለመንኋት። «እንግዳ ሳያስተናግድ የሚበላ የት አየህ?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ለልጁ ጻፍለት፤ ዓሣውን አጥንቱን ለይቶ ይብላ» አለች።

የጻፍሁልህ ይኸው ነው። አንተን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ማረፍን ለመንሁ፣ አረፈ። በሩ እንዲዘጋ ለመንሁ፣ ተዘጋ። እንደ እኔ ልመናው ሁሉ የደረሰለት ሰው በዚህ ቁፋሮ የለም፤ ለሌሎቹ ስነግራቸው ቅናት አላየሁባቸውም።

ሥራው መቆፈር ነው። የምንቆፍረው ቦይ ለሌላ ከተማ ሦስት እጥፍ ውኃ ያመጣል አሉ። የዚያ ከተማ ሰዎች ዳር ወጥተው ያዩናል፣ ያጨበጭባሉ። አንዱን ጠርቼ ማሳችሁን አሳርፉ፣ አትጠቡት ብለው፣ «ምን ዓይነት ምቀኛ ሽማግሌ ነህ?» አለኝ።

ትናንት ሸምበቆ የጫነ ጀልባ ከታች መጥቶ እዚህ አደረ። ነጂውን አገኘሁት።

«በኪዳሩ በኩል አለፍህ?»

«ኪዳሩ የሚባል የለም» አለ፤ ጠንቃቃ ሰው ነው።

«በነበረበትስ?»

«አልፌአለሁ።»

«ጢስ አየህ?»

«ከአንድ ሰገነት ላይ፣ ቀጭን ጢስ ነበር። ቀይ ነገርም ያየሁ መሰለኝ።»

«መቼ?»

«ወደ ታች ስወርድ።»

«ስትመለስስ?» አልሁት።

የጀልባውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።